«ትምህርት እንዴት ነው?»

የእህቴ ልጅ በ2017 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቤቱ የሰርግ ቤት ነበር የሚመስለው። እህቴ በሶ ስታስፈጭ፣ ዳቦ ቆሎ ስታዘጋጅ፣ ድርቆሽ ስታደርቅ ሁለት ሳምንት ከረመች። ጎረቤት በየተራ እየመጣ መረቀ። እድርተኛው፣ እቁብተኛው፣ የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ ኪሱ ውስጥ የሆነች ነገር ሸጎጥ እያደረጉለት ሄዱ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ስንት ሰው እንደሸኘው ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ አስራ አንድ! ለአንድ ቀጫጫ ልጅ አስራ አንድ ሰው ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ብርድ ላይ ቆሞ አለቀሰለት። እኔም ከአስራ አንዱ አንዱ ነበርኩ። አልቅሻለሁም።

ሁለተኛ ዓመት ሲሆን ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ በታክሲ ሄደ። እህቴ በር ላይ ሆና «ስትደርስ ደውል፣ እሺ?» አለችው። በቃ።

ነገሩን ያኔ ልብ አላልኩትም። ልብ ያልኩት መጋቢት ላይ ነው፤ ልጁ በአዘቦት ቀን፣ ማንም ሳይጠብቀው ቤት ከች ሲል። «እረፍት ነው» አለ። እህቴ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ጾም ባይሆን ዶሮ ይታረድ ነበር። ሽሮውን እያቀረበች «ትምህርት እንዴት ነው?» አለችው። «አሪፍ ነው» አላት። «እሰይ!» አለችና ወሬው ወደ ዘይት ዋጋ ዞረ።

እኔ ግን ያቺን «እረፍት ነው» አውቃታለሁ። ራሴ ብያታለሁና።

እሷን ላቆያትና በፊት አንድ ነገር ልበል። ተማሪ ገብቶ፣ አንደኛ ዓመትን አልፎ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ለምን ይንሸራተታል ሲባል መልሱ ሁልጊዜ ምላሳችን ጫፍ ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ብትጠይቁ፣ ቡና ላይ ብትጠይቁ፣ ስብሰባ ላይ ብትጠይቁ ያው ነው፤ «የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው!» ቲክቶክ፣ ጫት፣ ቤቲንግ። ትንሽ ራቅ አድርጎ የሚያስበው ደግሞ «ድሮም ሳይዘጋጅ ነው የገባው» ይላል፤ የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን እንደ ማስረጃ ይመዛል።

ቁጥሩ እውነት ነው። ለኔ ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። የእህቴ ልጅ የተፈተነው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት ያለፉት 5.4 በመቶ ናቸው። ከመቶ ተፈታኝ አምስቱ ውስጥ የገባ ልጅ ነው እንግዲህ። እንዲህ ባለ ወንፊት ተነፍቶ የቀረን ልጅ «ዝግጅት የለውም» ካልን፣ ዝግጅት የሚባለው ነገር ምን ሊሆን ነው? ጫቱንም ቤቲንጉንም አልክድም። በአንዳንድ ግቢ በር ላይ አንድ መጽሐፍ መሸጫ ሳይኖር ቤቲንግ ቤት ተደርድሮ አይቻለሁ። ግን እኔ እስከማውቀው ድረስ አብዛኛው ልጅ እዚያ የሚገባው ክፍል መግባት ካቆመ በኋላ ነው። ቀኑን የት ያድርሰው?

አንደኛ ዓመትን እንይ። ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት በ1990ዎቹ አጋማሽ ቀርቶ ቦታውን ለመሰናዶ ለቆ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። ኮርሶቹ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሳይኮሎጂ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ማትስ… እንዲህ እንዲህ ያሉ ናቸው። ብዙው ልጁ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ሽታውን የሚያውቀው ነው። ደግሞ ሁሉም አዲስ ነው፤ ሁሉም ሕንፃው ይጠፋበታል፣ ሁሉም የእናቱን በሶ አንድ ላይ ይበጠብጣል። የሚከብደው ናፍቆቱ እንጂ ትምህርቱ አይደለም። ቤተሰብም በየቀኑ ይደውላል።

ከዚያ ዲፓርትመንት ይመጣል። ዲፓርትመንት የሚመደበው በምርጫና በውጤት ነው ይባላል። ምርጫው የማን ነው? የእህቴ ልጅ ሲመርጥ ስልክ ላይ አምስት ሰው ነበርን። «ሶፍትዌር አስቀድም!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ሶፍትዌር የማውቀው ስልኬ ሲበላሽ እሱ እንደሚያስተካክልልኝ ብቻ ነው። የደረሰው ስታቲስቲክስ ነው። ስታቲስቲክስ ክቡር ሙያ ነው፤ አገር ያለ ቆጠራ አይመራም። ግን ለዚህ ልጅ ስለ ስታቲስቲክስ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ነገር ነግሮት አያውቅም። ስሙን ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀ ዝርዝር ውስጥ አገኘው፤ እንዲህ ነው የተዋወቁት። ይኼ ደግሞ የሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ከገቢው ተማሪ 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተብሎ ሲመደብ፣ መጀመሪያ የተወሰነው ቁጥሩ ነበር፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ውስጥ ቦታ ይፈለግለታል።

ሆኖም ሁሉን ነገር በዲፓርትመንት ማሳበብ አልወድም። እኔ ፊዚክስ የገባሁት ፈልጌ ነው። ለምኜ ነው! ያም ሆኖ ሁለተኛ ዓመት ላይ ጉልበቴ ከዳኝ።

የመሃሉ ዓመት የራሱ አሠራር አለው፤ ውጭ ሆኖ የሚያየው ሰው አይገባውም። አንደኛ፣ ኮርሶቹ እንደ ሰንሰለት ናቸው። ይኼኛውን ካላለፍክ ያኛውን አትወስድም። የወደቅክበት ኮርስ በብዙ ቦታ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ጥር ላይ በአንዲት ኮርስ ኤፍ ያገኘ ልጅ የወደቀው በአንዲት ኮርስ አይደለም፤ ቀጣይዋን፣ የቀጣይዋን ቀጣይ አብሮ ያጣል። ጓደኞቹ ወደ አንድ ክፍል ሲገቡ እሱ ኮሪደር ላይ ይቀራል። አብሮ ገብቶ አብሮ አለመውጣት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል።

ሂሳቡም አታላይ ነው። እስቲ አብራችሁኝ አስሉ፤ ክሬዲቱ እኩል ነው እንበል። ልጁ አንደኛ ዓመትን በ2.3 ጨረሰ። በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር 1.8 አመጣ። ድምሩ ስንት ሆነ? 2.13። ከ2 በላይ ነው፤ ቤተሰብ ቀርቶ የገዛ ልቡም በቅጡ አይደነግጥም። በተከታዩ ሴሚስተር 1.4 ሲያመጣ ድምሩ 1.95 ይሆናል። አሁን ነው ደወሉ የሚደወለው። መውደቅ የጀመረው ግን ከዓመት በፊት ነው፤ የአንደኛ ዓመት ውጤቱ እንደ ትርፍ ጋቢ ሸፍኖለት ነው የቆየው። ሬጅስትራር ደግሞ የሆነውን ይመዘግባል እንጂ እየሆነ ያለውን አይጠይቅም። ሥራውም አይደለም።

ታዲያ የማን ሥራ ነው? በወረቀት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ አድቫይዘር አለው። አድቫይዘሩ የምዝገባ ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው ነው። የእህቴን ልጅ «አድቫይዘርህ ማን ነው?» ብለው «ፊርማውን አውቀዋለሁ» አለኝ፤ እየቀለደ አልነበረም። መምህሩን ብቻ አልወቅስም። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከፍተን ወንበሩን ስንቆጥር፣ አንድ መምህር ስንት ልጅ ፊት ለፊት ቁጭ አድርጎ ማነጋገር እንደሚችል አልቆጠርንም። ፈተናውን ግን ጨምረናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። እኔ አልቃወመውም። ብቻ ልብ በሉ፤ መግቢያው በር ላይ ዘበኛ አቆምን፣ መውጫው በር ላይ ዘበኛ አቆምን። ፈተናው በአብዛኛው የሚጠይቀው ደግሞ እነዚያኑ ማንም ያላየውን የመሃሉን ዓመታት ኮርሶች ነው።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ለሁለተኛ ዓመት መንሸራተት «ሶፎሞር ስላምፕ» የሚል ስም ከሰጡት ቆይተዋል። ቪንሰንት ቲንቶ የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁራቸው በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ተማሪ ትምህርቱን የሚተወው ችሎታ ስላነሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ ከትምህርቱና ከግቢው ሰው ጋር ያለው ገመድ ሲላላም እንደሚሄድ ተከራክሯል። በኛ አገር ደግሞ ገመዱን የሚበጥስ ሌላም አለ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ግቢ ተዘግቶ ወደ ቤቱ የተላከው ተማሪ፣ በጦርነቱ ትምህርቱ ለዓመታት ተቋርጦበት በ2015 ዓ.ም. እንደገና የተጠራው የመቀሌ፣ የአክሱም፣ የአዲግራት ልጅ… እነሱን «ለምን መሃል ላይ ደከማችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም።

አሁን ወደዚያች «እረፍት ነው» ልመለስ።

በ1991 ዓ.ም. ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። የግቢውን ስም ተዉት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሜካኒክስ ጣለኝ። ሰፈር ውስጥ «ሊቁ» የምባል ልጅ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ወድቄ ስለማላውቅ እንዴት እንደሚወደቅ አላውቅበትም። መውደቅም እኮ ልምድ ይጠይቃል! ለሳምንት ያህል ክፍል ገባሁ፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት መነሳት አቃተኝ። በማግስቱም። ሰኞ ያልገባ ልጅ ማክሰኞ ቢገባ ምን ይገባዋል? ረቡዕ ደግሞ የባሰ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት አለፈና አንድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

«ረብሻ አለ፤ ግቢው ተዘግቷል» አልኩ ቤት ስደርስ። በዚያ ዘመን ግቢ ተዘጋ ሲባል የሚጠረጥር አልነበረም። አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ቁጥብ ሰው። በየሳምንቱ እሁድ ማታ ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው «ግቢው መቼ ይከፈታል አሉ?» ይሉኛል። «ገና አልታወቀም» እላለሁ። «እንግዲህ ሲከፈት ንገረኝ፤ መሳፈሪያህን አዘጋጃለሁ።» ሁለት ወር ተኩል እንዲህ ሰነበትን።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው እናቴ የነገረችኝ። በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስደው፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ እግቢው ድረስ ሄደው ነበር። ዘበኛውን «ትምህርት አለ?» ብለው ጠየቁት። «ትምህርትማ አለ!» አላቸው። ትንሽ ቆመው የሚወጣና የሚገባውን ተማሪ አዩ። ከዚያ ተመለሱ። በዚያው እሁድ ማታ ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው «ግቢው መቼ ይከፈታል አሉ?» አሉኝ።

ይኼን ታሪክ ለብዙ ዓመት የአባቴ ደግነት ምስክር አድርጌ ሳወራው ኖሬያለሁ። የሰማኝ ሁሉ እንባው ይመጣል። አሁን ግን፣ አፈሩን ገለባ ያድርግላቸውና፣ እንደዚያ አይታየኝም። እሳቸው እኔን ላለማሳፈር ዝም አሉ፤ እኔ እሳቸውን ላለማሳዘን ዋሸሁ። ሁለታችንም ጨዋ ነበርን። ያ ጨዋነት አንድ ዓመት ተኩል አስከፈለኝ። ምክንያቱም ዊዝድሮዋል የሚባል ቅጽ አለ። ልጁ ታሞም ሆነ ተቸግሮ መማር ሲያቅተው፣ ቀኑ ሳያልፍ ሞልቶ ከወጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል። ዝም ብሎ ከጠፋ ግን በተመዘገበባቸው ኮርሶች ሁሉ መጨረሻው ኤፍ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ቅጽ መኖሩን የሰማሁት ኤፉ ከተደረደረ በኋላ ነው። አባቴ መዝገብ ቤት ነው የሠሩት፤ ቅጽ ሞልተው፣ ቅጽ አስሞልተው ነው የኖሩት። ነግሬያቸው ቢሆን በማግስቱ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር።

እናላችሁ፣ መሃል ላይ የሚወድቀው ልጅ አወዳደቁ እንደምናስበው ከባድ አይደለም። ብዙ ጊዜ አንድ ኮርስ ነው፤ አንድ ሴሚስተር ነው። ቀላሉን ነገር ከባድ የሚያደርገው የሚነገርበት ቦታ ማጣቱ ነው። ለማን ይንገር? ለእናቱ እንዳይነግር አስራ አንድ ሰው ለቅሶ ተቀምጦ የሸኘው ልጅ ነው፤ በየኪሱ የተሸጎጠችው ብር እንደ ብድር ትቆጠርበታለች። ለአድቫይዘሩ እንዳይነግር የሚያውቀው ፊርማውን ነው። ለዶርም ጓደኞቹ እንዳይነግር እነሱም «አሪፍ ነው» እያሉ ነው የሚውሉት። ደግሞ እኛ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስንል የምንጠብቀው መልስ አለን እንዴ? ሰላምታ ነው። «እንዴት አደርክ?» ለሚል ሰው የሌሊቱን ሕመም የሚዘረዝር ማን አለ?

ከሽሮው በኋላ ልጁን «ና ትንሽ እንንሸራሸር» ብዬ ይዤው ወጣሁ። ስለሱ ምንም አልጠየቅኩትም። የራሴን ነገርኩት፤ ሜካኒክሱን፣ ሦስቱን ሳምንት፣ አውቶቡሱን፣ ዘበኛውን። አያቱን አያውቃቸውም፤ ግን «ግቢው መቼ ይከፈታል አሉ?» የምትለዋ ላይ ስደርስ ቆመ። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ፕሮባቢሊቲ ኤፍ ሆኖብኛል። ከየካቲት ጀምሮ ክፍል ገብቼ አላውቅም።»

«ዊዝድሮዋል የሚሞላበት ቀን አልፏል?»

«ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል።»

ዘጠኝ ቀን! እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ቁጥር የሰማሁ አይመስለኝም።

«ለማሚ አንተ ንገርልኝ» አለኝ። እምቢ አልኩ። መንገር እችል ነበር፤ ለሷም ይቀላት ነበር። ግን ሁለተኛ ዓመቱን ለእናቱ የሚነግራት ሰው እኔ ከሆንኩ፣ ሦስተኛውንም እኔ ልሆን ነው። ማታ ራሱ ነገራት። ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሶ ስታሽግ አገኘኋት። (ይኼን እንድጽፍ ሁለቱም ፈቅደውልኛል፤ እሷ የፈቀደችው «የጎረቤቶቼን ነገር ካልጻፍክ» ብላ ነው።)

ቅጹን ሞልቶ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ሊመለስ ነበር ጉዞው። በዚህኛው ጊዜ አውቶቡስ ተራ የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ እሱ፣ እናቱና እኔ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣ ያው ብርድ። ሻይ አዝዘን አውቶቡሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ እህቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «ለመሆኑ ይኼ ፕሮባቢሊቲ የምትሉት ነገር ምንድን ነው?» አለችው።

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ሻዬን አየሁ፤ ፊዚክስ ተምሬ የጨረስኩ ሰው አይደለሁ እንዴ፣ ግን ጠዋት በአስር ሰዓት ለእህቴ የማስረዳው ቃል አልመጣልኝም። እሱ ከኪሱ የአንድ ብር ሳንቲም አወጣ። «አንበሳ ወይስ ሚዛን?» አላት። «አንበሳ» አለች። ሚዛን ወጣ። እንደገና «አንበሳ»፤ ሚዛን። ለሦስተኛ ጊዜም ሚዛን። በአራተኛው «በቃ፣ አሁንማ አንበሳው ተራው ነው!» ስትል ሳቀ፤ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

«አይደለም ማሚ፤ ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም። ሁልጊዜ ግማሽ በግማሽ ነው» አላት።

እህቴ ሳንቲሙን ተቀብላ ወዲያና ወዲህ አገላበጠችው።

«ታዲያ ይኼን እያወቅህ ነው የወደቅኸው?» አለችው።

መልሱን ሳንሰማ ረዳቱ ጠራ።